አገጫችን ወደ እንጦጦ

ባለፈው ማክሰኞ ሾላ ገበያ ወርጄ ነበር። ቀይ ሽንኩርትና ትንሽ ኮረሪማ ገዛሁ፤ ከሽንኩርት ሻጯ ጋር የተለመደ ጭቅጭቃችንን አድርገን በሰላም ተለያየንና ወደ ቤቴ የሚወስደኝ የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆምኩ። ሰልፉ አይንቀሳቀስም። ከፊቴ በአርባዎቹ ውስጥ የምትሆን ሴት ከትንሽ ልጇ ጋር ቆማለች። ልጅቱ የእናቷን ስልክ ይዛ ከትምህርት ቤት የተላከላትን የእንግሊዝኛ የቤት ሥራ ትሠራለች። አጫጭር ዓረፍተ ነገሮች ናቸው፤ የእያንዳንዱ ግስ ያለፈ ጊዜ ይሁን፣ የአሁን ይሁን፣ የወደፊት ይሁን ለይታ መናገር አለባት። እኔ ከማስተማር በጡረታ ከተገለልኩ ብዙ ዘመኔ ነው፤ ጆሮዬ ግን እስካሁን ጡረታ አልወጣም። ልጅ እንግሊዝኛ ሲያነብ ከሰማሁ አንገቴን አስግጌ ካላዳመጥኩ አይሆንልኝም።

«ዘ ቦይ ብሮክ ዘ ካፕ» ብላ አነበበች። ቀና ብላም፣ «እማ፣ ይሄኛውስ?» አለች።

እናትየዋ መልሱን አልነገረቻትም። አፏንም አልከፈተች። አገጯን ብድግ አድርጋ፣ ከሕንፃዎቹ በላይ ብቅ ወዳለው ወደ እንጦጦ ተራራ ጠቆመቻት።

«ፓስት» አለች ልጅቱ።

ቀጥላ «ማይ ማዘር ኢዝ ኩኪንግ» ብላ አነበበች። እናትየዋ አሁን አገጯን ወደ የካ ሚካኤል በኩል አዞረችና መሬቱን በጫማዋ ሁለት ጊዜ ፋቅ ፋቅ አደረገች።

«ፕረዘንት ኮንቲኒየስ።»

የያዝኩት ፌስታል ከእጄ ሊወድቅ ምንም አልቀረው። ይህንን የአገጭና የእግር ትምህርት የሚያውቅ ሰው ካለ፣ ወይ የእኔ ተማሪ ነው ወይ ከእኔ ተማሪ የተማረ ነው። ሴትየዋን ደግሞ ከዚያ በፊት ዓይቻት አላውቅም። ሰልፉ ላይ እንደቆምኩ ሐሳቤ ጥሎኝ ወደ ላይ፣ ድሮ ወደ ትምህርት ቤቴ እወጣበት ወደነበረው ኮረኮንች መንገድ ወጣ።

ያኔ ገና ከመምህራን ማሰልጠኛ የወጣሁ ልጅ ነበርኩ። ዓመተ ምሕረቱን ተዉት፤ ስብሰባ የሚበዛበት፣ ስኳር በወረፋ የሚገኝበት ዘመን ነበር ብል እኩዮቼ ይገባቸዋል። ትምህርት ቤታችን ከየካ ሚካኤል ትንሽ ከፍ ብሎ ያለ፣ ግድግዳው ጭቃ ጣሪያው ቆርቆሮ ነበር። ዝናብ ሲመጣ ድምፄ ስለማይሰማ እጃችንን አጣጥፈን ዝናቡን እናዳምጣለን። በሩ ላይ ፓስቲ በአስር ሳንቲም ይሸጣል፤ እርሳስ ከነላጲሱ ስሙኒ ነው፤ ኪሱ ውስጥ አንድ ብር የተገኘበት ልጅ የቀኑ ጌታ እሱ ነው። እኔ ከጉልበቱ በታች እንደ ጃንጥላ የሚዘረጋ ቤልቦተም ሱሪ ለብሼ፣ ታኮው ግንድ የሚያክል ጫማ አድርጌ ያንን ኮረኮንች እንዴት እወጣው እንደነበር ሳስበው ዛሬ ጉልበቴን ያመኛል። አፍሮዬ ደግሞ የሰፈር መነጋገሪያ ነበር። ዲሬክተራችን «መምህርት፣ ጥቁር ሰሌዳውን እኮ ጸጉርሽ ጋረደው» እያሉ ያሾፉብኝ ነበር። ከመንገዱ ማዶ አንድ ልብስ ሰፊ ነበር፤ ቴፕ አለው፤ ካሴቱ ግን አንድ ብቻ ነው፤ የዚያውም አንድ ገጹ ተበላሽቷል። ከጠዋት እስከ ማታ ያቺኑ አራት ዘፈን እየደጋገመ ሲያሰማን ተማሪዎቼ ከእንግሊዝኛው ቀድመው ግጥሙን በቃላቸው ያዙት። እኔም ይዤዋለሁ፤ ዛሬም ልብስ ስተኩስ ያመልጠኛል።

ዛሬ ወደ እንጦጦ የሚወጣው ሰው ሊዝናና ነው። አስፋልቱ እስከ ላይ ይደርሳል፤ ወጣቶቹ በጠባብ ቱታ እየሮጡ ሲያልፉኝ ደስ ይለኛል፤ ጤና ነው። ያኔ ግን ከዚያ ተራራ የሚወርደው ሰው ከጀርባው የባሕር ዛፍ ሸክም ነበረበት። ጫልቱም ከእነሱ አንዷ ነበረች። ቤታቸው ከእንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ዝቅ ብሎ ነው። ሃያ ሁለት ዓመቷ ነበር፤ በእኔና በእሷ መካከል ቢበዛ የሁለት ዓመት ልዩነት ነው። እንዲያም ሆኖ በከሰዓቱ ፈረቃ የስምንተኛ ክፍል ተማሪዬ ነበረች። ሌሊት ተነስታ ጫካ ትገባለች፤ እንጨቷን ጠርባ አስራ፣ ተሸክማ እኛ ዘንድ ትደርስና ሸክሙን ከአጥሩ ጋር አስደግፋ ትገባለች። ስንለቅ ተሸክማው ሾላ ወርዳ ትሸጣለች። መሸከሚያ ገመዷን አጥሩ ላይ ትታው አታውቅም፤ ጠቅልላ ወንበሯ ላይ ታደርገውና እንደ ትራስ ትቀመጥበታለች። ክፍሉ በሙሉ ባሕር ዛፍ ባሕር ዛፍ ይሸታል። ከሷ በስምንት በዘጠኝ ዓመት የሚያንሱት ልጆች «እትዬ ጫልቱ» ይሏት ነበር።

የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ድሬሰር መሆን፤ ቁስል የሚያጥብና የሚያሽግ የጤና ረዳት ማለት ነው። እናቷ ቁስል አመርቅዞባት ሰው ሳያይላት ቀርቶ አንካሳ ሆናለች። ድሬሰርነት የሚያሠለጥኑት ስምንተኛን ያለፈ ሰው ይቀበላሉ፤ ዕድሜ ግን ይገድባሉ፤ በሚቀጥለው ዓመት ዕድሜዋ ያልፋል። ሒሳቡን ትችለዋለች፤ ሳይንሱንም ትችለዋለች። የሚጥላት እንግሊዝኛው ነው፤ እንግሊዝኛው ውስጥ ደግሞ የግሱን ጊዜ ለይ የሚለው ጥያቄ። በቤታቸው ኦሮምኛ ትናገራለች፤ በትምህርት ቤትና በገበያ አማርኛ፤ እንግሊዝኛ ለሷ ሦስተኛ ነው። እኔ ከማሰልጠኛ ያመጣሁትን ሠንጠረዥ ሰሌዳው ላይ እየጻፍኩ ሳምንቱን ሙሉ ለፈለፍኩ። ሁሉም በቃሉ ያነበንበዋል፤ ዓረፍተ ነገር ሲሰጠው ግን ያ ሁሉ የለም።

አንድ ቀን ተናደድኩ። ጠመኔውን ጣልኩና፣ በአማርኛ፣ «ጫልቱ፣ ጠዋት የት ነበርሽ?» አልኳት። እጇ ደብተሩ ላይ ስለነበረ በአገጯ ወደ እንጦጦ ጠቆመችኝ። «አሁንስ የት ነሽ?» አገጯን ወደ ሚካኤል ዝቅ አደረገች። «ማታስ የት ትሄጃለሽ?» ወደ ታች፣ ወደ ሾላ። ሦስቱንም ስትመልስ ለአንድ አፍታ እንኳ አላሰበችም። ይህች ልጅ ትናንትን፣ ዛሬንና ነገን በየቀኑ በእግሯ ትሄዳቸው የለ እንዴ? ይህን ያላየሁት ሞኟ እኔ ነበርኩ። ልብ ካላየ ዓይን አያይም የሚሉት እውነት ነው።

ከዚያ ወዲያ ሠንጠረዡን አጠፋሁት። ያለፈ ጊዜ ሲሆን አገጭ ወደ እንጦጦ፤ የአሁን ሲሆን ወደ ሚካኤል፤ የወደፊት ሲሆን ወደ ሾላ። ድርጊቱ ገና እየተደረገ ከሆነ ደግሞ እግር መሬቱን ፋቅ ፋቅ ያደርጋል፤ ሰውየው ገና መንገድ ላይ ነውና። ዓረፍተ ነገሩን አነባለሁ፤ ሃምሳ ምናምን አገጭ በአንዴ ይዞራል፤ ሃምሳ ምናምን እግር መሬት ይፍቃል፤ አቧራው ቦለል ይላል። ዲሬክተሩ በመስኮት አይተውን «ይሄ ትምህርት ነው ወይስ እስክስታ?» አሉኝ። «ይምጡና ይጠይቋቸው» አልኳቸው። ገብተው ጠየቁ፤ አንድም የተሳሳተ አልነበረም። እስክስታውን ፈቀዱልኝ።

የስምንተኛ ክፍል ፈተና የሚሰጠው ከኛ ራቅ ብሎ ባለ ሌላ ትምህርት ቤት ነበር። የፈታኞቹ ኃላፊ ከሌላ ሰፈር የመጡ፣ ቡናማ ኮትና ወፍራም መነጽር ያደረጉ ረጅም ሰው ናቸው። ጠዋት ተማሪዎቼን አስገብቼ እንደ ሌሎቹ መምህራን ግቢው ውስጥ ዛፍ ሥር ተቀመጥኩ። ከአጥሩ ጋር የጫልቱ ሸክም ተደግፏል፤ በፈተናውም ቀን እንኳ ባዶ ጀርባዋን አልወረደችም። የእንግሊዝኛው ፈተና እንዳለቀ አንድ ዘበኛ መጥቶ «የካ ሚካኤል የምታስተምረው መምህርት ትፈለጋለች» አለ። ከዲሬክተሩ ጋር ገባሁ።

ኃላፊው ጠረጴዛቸው ላይ ስሞች የተዘረዘሩበት አንድ ወረቀት ዘርግተዋል። «አንድ ክፍል ውስጥ የነበሩ አስራ አንድ ተማሪዎችሽ ሲኮራረጁ ተይዘዋል» አሉኝ። «አንዱ አንገቱን ወደ ተራራው ያዞራል፤ ወዲያው ሌላው ያዞራል። አንዷ በእግሯ ታንኳኳለች፤ ሌላው ይመልስላታል። ሃያ ዓመት ፈትኛለሁ፤ በእግር የሚያወራ ተማሪ ግን ገና ዛሬ አየሁ። የአስራ አንዱም ወረቀት ይሰረዛል።»

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፤ እሳቸውም በሥራቸው መጠርጠራቸው ነው፤ አልፈርድባቸውም። እኔ ግን ከአስራ አንዱ አንዷ ጫልቱ መሆኗን አውቃለሁ። ለሌሎቹ የሚቀጥለው ዓመት አለላቸው፤ ለሷ የለም። ዲሬክተሩ ክንዴን ነካ አድርገው «አላውቅም በይ» ብለው አንሾካሾኩልኝ፤ ለእንጀራዬ ፈርተውልኝ ነው።

«አልኮረጁም» አልኩ። «ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ። እንጦጦ ያለፈ ጊዜ ነው፣ ሚካኤል የአሁን ነው፣ ሾላ የወደፊት ነው።»

ኃላፊው መነጽራቸውን አወለቁ። «መምህርት፣ እኔ ላይ ትቀልጃለሽ?»

«አንዷን ይጥሩና ብቻዋን ይጠይቋት። ካልመለሰች ወረቀቱ ላይ የእኔንም ስም ይጻፉት።»

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። ሰውየው ሞኝ አልነበሩም፤ ወረቀታቸውን ግን ጨብጠውት ነበር። እሱን እንደያዙ ጫልቱን አስጠርተው፣ በሁለት ኮሪደር አዙረው፣ መስኮት የሌለው የተሰበረ ወንበር ማከማቻ ክፍል አስገቡን። እኔን ምልክት እንዳልሰጣት ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞሩኝ። ስለዚህ ከዚያ በኋላ የሆነውን በጆሮዬ ነው የማውቀው።

ከፈተናው ወረቀት የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር አነበቡ። ጫልቱ ዝም። ደገሙላት። ዝም።

«ጋሼ» አለች በመጨረሻ ቀስ ብላ፣ «ሚካኤል በየት በኩል ነው?»

«ይህን ማወቅ ምን ያደርግልሻል?»

«ሲያዞሩኝ ጠፋብኝ። እሱን ካላወቅኩ የት እንደቆምኩ አላውቅም።»

ሰውየው በእጃቸው ጠቆሙላት። «በዚህ በኩል መሰለኝ» አሉ። ነጠላዋ ሲንኮሻኮሽ ሰማሁ፤ ተሳለመች ማለት ነው። ከዚያ ጫማዋ ዞር አለ። «ፓስት» አለች። ሁለተኛው ተነበበ፤ እግሯ ፋቅ ፋቅ አደረገ፤ «ፕረዘንት ኮንቲኒየስ» አለች። ሦስተኛው፣ አራተኛው፣ አምስተኛው። እሳቸው ንባቡን ያፈጥናሉ፤ እሷም ትፈጥናለች። ዘጠኝ ጠይቀው ዘጠኙንም አገኘች። እኔ ግድግዳው ላይ ያለውን የሸረሪት ድር እያየሁ ከንፈሬን እነክሳለሁ።

«ብታልፊ ምን ልትሆኚ ነው?» አሏት፣ ድምፃቸው ለዘብ ብሎ።

«ድሬሰር። ዘንድሮ ካልሆነ ዕድሜዬን አይቀበሉትም፣ ጋሼ።»

አስረኛውን ከወረቀት ላይ አላነበቡትም፤ ከራሳቸው አመጡት። «ጫልቱ ዊል ቢ ኤ ድሬሰር» አሉ።

ጫማዋ ቀስ ብሎ ሲዞር ሰማሁ። ከዚያ «ሾላ» አለች።

«ምን አልሽ?»

«ውይ! ፊውቸር፣ ጋሼ። ፊውቸር ማለቴ ነው።»

ሰውየው ሳቁ። ዞር ብዬ ሳይ፣ ጫልቱ ፊቷን ወደ ሾላ አድርጋ እንባዋ ይወርዳል፤ እሳቸው መነጽራቸውን በኮታቸው ጫፍ ይጠርጋሉ። ወረቀቱን አልቀደዱትም፤ ጥንቁቅ ሰው ነበሩ። አራት ቦታ አጥፈው የውስጥ ኪሳቸው ከተቱት። ሲወጡም፣ «መምህርት፣ ለሚቀጥለው ዓመት አንገታቸውን ሳያዞሩ እንዲመልሱ አስተምሪያቸው» አሉኝ። እሺ አልኩ። አላደረግሁትም። እስከ ጡረታዬ፣ ክፍለ ሀገር ተዛውሬ ባስተማርኩበትም ጊዜ ሁሉ፣ የዚያን አገር ተራራ፣ ቤተ ክርስቲያንና ገበያ እየፈለግሁ ልጆቹን አገጫቸውን ሳዞር ኖርኩ። ተራራና ገበያ የሌለው አገር አልገጠመኝም።

ውጤት የመጣ ዕለት ከአስራ አንዱ ዘጠኙ አልፈዋል። ጫልቱ ከሰዓት በኋላ መጣች፤ አጥሩ ላይ ሸክም የለም። ገመዷን እንደወትሮው ጠቅልላ ይዛለች፤ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችው።

«ቲቸር የሺ፣ ይህችን ያስቀምጡልኝ» አለችኝ። «ከፈለግኳት መጥቼ እወስዳታለሁ።»

ለሥልጠና ሄደች። እኔም ተዛወርኩ። ገመዷን ከቤት ቤት፣ ከከተማ ከተማ ይዣት ዞሬያለሁ፤ ባለቤቴ ነፍሱን ይማረውና ዕቃ ሊያስርባት ሲል ስንት ጊዜ ነጥቄዋለሁ። ሰው ስለ ልጆቹ ይኮራል፣ ስለ ቤቱ ይኮራል። እኔ ደግሞ ቁም ሳጥኔ ውስጥ ባለች፣ ባለቤቷ መጥታ ባልጠየቀቻት ገመድ እኮራለሁ። አንድ ቀን በሬ ተንኳኩቶ ጫልቱ «ገመዴን» ትለኝ ይሆን ብዬ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት እሰጋ ነበር። አልመጣችም። ባልመጣች ቁጥር ደስ እያለኝ ሄደ።

ሰልፉ ሁለት እርምጃ ፈቀቅ ሲል ወደ ሾላ ተመለስኩ። ልጅቱ ሦስተኛውን እያነበበች ነበር፤ «ዊ ዊል ጎ ሆም» አለች። እናትየዋ አገጯን የትም አላዞረችም። የቆመችበትን መሬት በእግሯ ጫን አድርጋ ረገጠችው።

«ፊውቸር» አለች ልጅቱ።

ከዚህ በላይ ዝም ማለት አልቻልኩም። «ልጄ፣» አልኳት እናትየዋን፣ «ይቅርታ አድርጊልኝና፣ ይህንን ማን አስተማረሽ?»

ሴትየዋ አፈረች። «አዩን እንዴ እማማ? የእናቴ ነው። በልጅነቴ እንደዚህ እያደረገች ነው እንግሊዝኛ ያስጠናችኝ። እኔም ለልጄ... የሷ ቲቸር ሳትስቅብኝ አትቀርም።»

«እግርሽን ግን ለምን ረገጥሽ? ፊውቸር ወደ ሾላ አይደለም እንዴ?»

«ሾላ ነዋ ያለነው» ብላ ሳቀች። «እናቴ እዚህ ከገበያው በላይ ያለው ጤና ጣቢያ ነው ዕድሜዋን ሙሉ የሠራችው። ምሳ ይዤላት ስመጣ ታስጠናኝ ነበር። ‹ሾላ ስትሆኚ ሌላ ቦታ አትጠቁሚ፤ እዚሁ ነው፣ ደርሰናል› ትለኝ ነበር።»

ፌስታሌን መሬት አስቀመጥኩ። «እናትሽ ጫልቱ ትባላለች?» አልኳት።

ሴትየዋ ደነገጠች። አፍጥጣ አየችኝና፣ ነጭ ጸጉሬን፣ ምርኩዜን፣ ፊቴን በየተራ አየችና፣ «ቲቸር የሺ?» አለች። ስሜ በዚያ ቤት ይነሳ ነበር ማለት ነው። ስልኩን ከልጇ ተቀብላ ደወለች፤ ጥቂት ነገር በኦሮምኛ ተናገረች፤ ከዚያ ስልኩን ጆሮዬ ላይ አደረገችልኝ።

ያቺው ድምፅ፣ ትንሽ ወፍራ፣ «ቲቸር» አለችኝ። «ገመዴ አለች?»

«አለች» አልኩ። «ቁም ሳጥኔ ውስጥ ናት።»

«ሳልጠይቅዎ የቀረሁት...»

«አውቃለሁ ጫልቱ። ስኮራብሽ ነው የኖርኩት።»

ሁለታችንም እያለቀስን እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን። በኋላ፣ «ቲቸር፣ አይሂዱብኝ» አለች። «ሾላ ይቆዩኝ። ነጠላዬን ለብሻለሁ፤ እየመጣሁ ነው።»

ስልኩን መለስኩላቸው። ተራችን ደርሶ ነበር፤ ከኋላችን ያሉትን አሳለፍናቸው። ልጅቱ ቀና ብላ አየችኝ፤ ከዚያ ዝቅ ብላ እግሬን አየችው። እኔ አላስተዋልኩትም እንጂ ጫማዬ መሬቱን ፋቅ ፋቅ ያደርግ ነበር።

«ፕረዘንት ኮንቲኒየስ» አለች ልጅቱ።